የባትሪ መብራት በራ ተብሎ ባትሪ አይገዛም

ሰሞኑን በየቴሌግራም ግሩፑ የሚዞር አንድ ጽሑፍ አለ። መኪናችሁ «ባትሪ ደክሟል» የሚል ምልክት ስታሳይ፣ ጋራዥ ሳትሄዱ ደጃችሁ ላይ እንዴት እንደምታስተካክሉት ይናገራል። የተጻፈው በተለይ ከከተማ ወጣ ብለን ለምንኖር ነው፤ ለኮዬ ፈጬ፣ ለቱሉ ዲምቱ፣ ለለገጣፎና ለሱሉልታ ሰው። ሐሳቡ ደግ ነው። ደህና የመኪና ኤሌትሪሺያን ለማግኘት ግማሽ ቀን ለሚያቃጥል ሰው «ራስህ ሥራው» የሚል ምክር መቼም ይጥማል።

ችግሩ ከምክሮቹ አብዛኞቹ ስህተት መሆናቸው ነው። አንዳንዶቹማ ከገንዘብ አልፈው ዓይን ሊያስከፍሉ ይችላሉ።

የጸሐፊው ነጥቦች ባጭሩ እነዚህ ናቸው። ዳሽቦርድ ላይ ቀዩ የባትሪ ምልክት ከበራ ባትሪው ስላለቀ ቀይሩት። ዲናሞውን ለመፈተሽ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ፤ ሞተሩ ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው። ባትሪው ከደከመ አሲድ ጨምሩበት። መኪናዋ የምትቆም ከሆነ በየጠዋቱ 15 ደቂቃ አስነሷት። የዳር ሰፈር ብርድ ባትሪ ስለሚገድል ማታ ማታ በብርድ ልብስ ሸፍኑት። ሽቦ የሚታሰርባቸውን የባትሪውን ተርሚናሎች በኮካ እጠቡ። ጋራዥ ዘራፊ ስለሆነ አትሂዱ። አሮጌውን ባትሪ ደግሞ አሲዱን ደፍታችሁ ለቁራሌው ሽጡት።

እኔ ጋራዥ የለኝም፤ ባትሪም አልሸጥም። በየተራ ልመልስ።

የመጀመሪያው ነጥብ የሌሎቹ ሁሉ እናት ነው። ቁልፍ ስታዞሩ ቀዩ የባትሪ ምልክት ይበራል፣ ሞተሩ ሲነሳ ይጠፋል። ይሄ ጤነኛ ነው። ሞተሩ ተነስቶ አልጠፋ ካለ፣ ወይም መንገድ ላይ ከበራ ግን የሚነግራችሁ ባትሪው እየተሞላ አለመሆኑን ነው። ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞው ነው፤ ዲናሞውን የሚያዞረው ደግሞ ቺንጊያው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት የላላ ወይም የተበጠሰ ቺንጊያ፣ ያለቀ የዲናሞ ካርቦን፣ የተበላሸ ሬጉሌተር (የዲናሞውን ቮልት የሚመጥነው)፣ የተቃጠለ ዋና ፊውዝና የላላ ሽቦ ናቸው። ባትሪው ራሱ ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው። የቧንቧ ውሃ ስለጠፋ ሮቶ የሚቀይር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ጎረቤቴ ቪትዝ አለው። መብራቱ ሲበራበት አዲስ ባትሪ ገዛ። መብራቱ አልጠፋም። ሻጩ «ሲሞላ ይጠፋል» አለው። በማግስቱ ማታ ከቃሊቲ ወደ ኮዬ ሲመጣ መጀመሪያ ሬዲዮው ዘጋ። ቀጥሎ የፊት መብራቱ ቢጫ ሆነ፣ ደበዘዘ። ከዚያ ሞተሩ ጠፋ። ኮፈኑን ከፍተን ስንለካ ቺንጊያው በቦታው አለ፤ አዲሱ ባትሪ ግን 11.3 ቮልት ላይ ወርዷል። ኤሌትሪሺያኑ ዲናሞውን አውርዶ ሲፈታው ከሁለቱ ካርቦኖች አንዱ ተበልቶ ተበልቶ ስፕሪንጉ ብቻ ቀርቷል ማለት ይቻላል። የካርቦን ዋጋ ከባትሪ ዋጋ ጋር ለንጽጽር አይቀርብም። ዲናሞው የማይሞላ መኪና ውስጥ የገባ አዲስ ባትሪ የሚሰጣችሁ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ ማታ መብራት አብርታችሁ ከሆነ ደግሞ ያንንም አያሟላም።

አንድ ነገር ደግሞ እዚህ ጋ መባል ነበረበት። በብዙ መኪኖች ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጊያ የውሃ ፓምፑንም ያዞራል። መንገድ ላይ የባትሪው መብራት ከበራና የሙቀቱ መለኪያ መውጣት ከጀመረ ቺንጊያው ሄዷል ማለት ነው። «ቤት ልድረስ» ብላችሁ የእንጦጦን ዳገት ብትወጡ የምትቀይሩት ባትሪ መሆኑ ይቀርና ሞተር ይሆናል። ወዲያው ቁሙ።

ለጸሐፊው የምሰጠው ነጥብም አለ። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ሞተር ጠፍቶ ሬዲዮ ሲከፈት ባትሪ እየወረደ መሆኑን በጽሑፍ ያሳያሉ። ያኛው በእርግጥ ስለ ባትሪው ነው የሚያወራው። በአዝራር የሚነሱት ላይ ደግሞ የቁልፉ ባትሪ ሲደክምም መልእክት ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ እሱ ሲአር 2032 የምትባለው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ናት። የቁልፍ ባትሪ ደክሞበት የመኪናውን ባትሪ ዋጋ ሲያጠያይቅ የዋለ ሰው አውቃለሁ። መልእክቱን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

እንግዲህ ቤት ውስጥ መፈተሽ የሚቻለው በምንድነው? ቮልትና አምፒር በሚለካው በቴስተር። የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ሁሉ ጋ አለ። ጽሑፉ ውስጥ ይህ ዕቃ አንድም ቦታ አልተጠቀሰም፤ ከሁሉ የገረመኝም እሱ ነው። ጠዋት መኪናዋ ሳትነሳ በፊት ቴስተሩን ቀጥታ ቮልት ላይ አድርጉና ቀዩን ፖዘቲቩ ላይ፣ ጥቁሩን ኔጌቲቩ ላይ አስነኩ። 12.6 ወይም 12.7 ካነበበ ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ሩብ ገደማ። አንድ ሌሊት ሙሉ ተሞልቶና ጥቂት ሰዓት አርፎም 10.5 ላይ ከቆመ ከስድስቱ ሴሎች አንዱ ሞቷል። እሱን ቀይሩት፤ ያኔ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን።

ቀጥሎ አስነሱና እንደገና ለኩ። የፊት መብራትና ማራገቢያ ክፈቱበት። ከ13.8 እስከ 14.5 አካባቢ ከሆነ ዲናሞው ሥራውን እየሠራ ነው። 12.3፣ 12.2 እያለ የሚወርድ ከሆነ እየሞላ አይደለም። ከ15 በላይ ከወጣ ሬጉሌተሩ ስለተበላሸ ባትሪውን እየቀቀለው ነው፤ የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታም ሊኖር ይችላል። መብራት ክፈቱ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ጭነት ከሌለባቸው ቮልቱን ሆን ብለው ስለሚቀንሱት በከንቱ ሊያስደነግጧችሁ ይችላሉ።

ይህን ያየ ሰው ሁለተኛው ምክር ለምን እንዳናደደኝ ይገባዋል። ሞተሩ እየሠራ ኔጌቲቩን መንቀል! በላዳና በቮልስ ዘመን ይሠራ እንደነበር አልክድም። ብዙ አንጋፋ መካኒኮች የተማሩትም እንደዚያ ነው። የዛሬ መኪና ግን ኮምፒውተር አለው። ባትሪው የዲናሞውን ቮልት አለዝቦ የሚይዝ ነገር ነው። እሱ በድንገት ሲነቀል ቮልቱ ለቅጽበት ወደ ብዙ አሥሮች ይዘላል። የዲናሞው ዳዮድ ሊቃጠል ይችላል፤ ኮምፒውተሩም እንዲሁ። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ የኮምፒውተር ዋጋ ጠይቃችሁ ተመለሱና እንነጋገር። ደግሞ ፈተናው ራሱ አይፈትንም። ሞተሩ ሳይጠፋ ቢቀጥል ዲናሞው ሞተሩን ማሠራት መቻሉን እንጂ ባትሪውን ለመሙላት የሚበቃ ቮልት መስጠቱን አያሳይም። የተሟላውን መልስ ቴስተሩ ሁለት ቦታ በመንካት ይሰጣችኋል።

አሲድ መጨመር ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው። ምክሩ ልክ የሚመስለው ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ባትሪ ሲደክም በውስጡ ያለው ፈሳሽ በእርግጥም ይቀጥናል። ሙሉ ሲሆን በሊትር 1.26 እስከ 1.28 ኪሎ የሚመዝነው ፈሳሽ ሲያልቅ ወደ 1.15ና ከዚያም በታች ይወርዳል። ግን አሲዱ የት ሄደ? አልተነነም። ሰልፌት ሆኖ እርሳሱ ላይ ተለጥፏል። ባትሪው ሲሞላ ወደ ፈሳሹ ይመለሳል። እናንተ በመሃል አሲድ ከጨመራችሁ፣ ሲሞላ የድሮውም የአዲሱም አሲድ አንድ ላይ ይሆኑና እርሳሱን መብላት ይጀምራሉ። አንድ ሁለት ሳምንት ተነቃቅቶ ይታይ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ለዘለቄታው ይሰናበታል። አገልግሎት ላይ ባለ ባትሪ አሲድ የሚጨመረው ተገልብጦ አሲዱ ከፈሰሰ ብቻ ነው፤ እሱም ለባለሙያ ይተው።

የሚተነው ውሃው ነው፤ የሚጨመረውም ውሃ ነው። እሱም ለባትሪ ተብሎ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ። የቧንቧ ውሃ አይሆንም። የተፈላም አይሆንም፤ ማፍላት ማዕድኑን አያወጣውም። ሱቅ የሚሸጠው ሃይላንድም ማዕድን አለው። ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃማ ዝገቱንም ይዞ ይመጣል። ውሃው እርሳሶቹን ሸፍኖ ትንሽ ከፍ ሲል በቂ ነው፤ እስከ አፉ አትሙሉት። ክዳን የሌለው፣ ብዙ ሰው ድራይ የሚለው ባትሪ ከሆነ ደግሞ አትክፈቱት።

ስለ በየጠዋቱ 15 ደቂቃ ጉዳይ ትንሽ ላብራራ፣ ምክንያቱም የኛ የዳር ሰፈር ሰዎች እውነተኛ በሽታ ያለው እዚህ ጋ ነው። አብዛኞቻችን በአዘቦት በሰርቪስ ወይም በታክሲ ነው ሥራ የምንሄደው። መኪናዋ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ሳምንቱን ትቆማለች። እሁድ ቤተ ክርስቲያን፣ ገበያ፣ አንድ ለቅሶ፣ በቃ። ስለዚህ ጸሐፊው «መቆም ባትሪ ያደክማል» ማለታቸው ትክክል ነው። መድኃኒቱ ግን አልሆነላቸውም።

ሒሳቡን እንሥራው። የቪትዝ ባትሪ 45 አምፒር ሰዓት (የባትሪ የመያዝ አቅም መለኪያ ነው) ገደማ ቢሆን፣ ግማሹ ካለቀ ወደ 22 መመለስ አለበት። መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ ስትሠራ ዲናሞው ቀስ ብሎ ስለሚዞር የሚሰጠው ትንሽ ነው፤ ከዚያም ላይ ሞተሩ ራሱ ድርሻውን ይወስዳል። ለጋስ ሆነን 10 አምፒር ለባትሪው ይደርሰዋል እንበል። በ15 ደቂቃ 2.5 አምፒር ሰዓት ብቻ ነው። ለማስነሻ የወጣውን ይመልሳል፣ ትንሽም ይተርፋል። የደከመን ባትሪ ግን አይሞላም። ቤንዚን በዚህ ዋጋና በዚህ ሰልፍ ደግሞ ቆሞ የሚቃጠል አይደለም። ባይሆን በሳምንት አንድ ቀን መኪናዋን ረዘም አድርጋችሁ ንዷት፤ ጎሮ ድረስ ደርሶ መልስም ቢሆን። ካልሆነ ቻርጀር ግዙ።

ቻርጀር ስል 4 ወይም 5 አምፒር የሚሰጥ፣ ሲሞላ ራሱ የሚያቆም ዓይነት ነው። አንድ ሌሊት ይበቃዋል። አንዳንዶቹ መብራት ሄዶ ቢመጣ ራሳቸው ይቀጥላሉ። ራሱን የማያቆመው አሮጌው ትራንስፎርመር ከሆነ ግን ከጎኑ አትጥፉ። አራተኛ ፎቅ የምትኖሩ ባትሪውን ነቅላችሁ ማውጣታችሁ ነው፤ ስትነቅሉ ኔጌቲቩ ይቀድማል፣ ስትመልሱ ኔጌቲቩ መጨረሻ ነው። በረንዳ ላይ አድርጉት። ሲሞላ ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ ከሰል የተያያዘበት፣ ቡና የሚፈላበት ክፍል ውስጥ ጭራሽ አይሆንም።

ቻርጅ አድርጋችሁትም ከሁለት ቀን በኋላ ከሞተ ደግሞ ቆማ እያለች የሚጠጣባት ነገር አለ። ጤነኛ መኪና ተዘግታ ስትቆም የምትወስደው ከ50 ሚሊ አምፒር አይበልጥም። በቀን 1.2 አምፒር ሰዓት ማለት ነው፤ ባትሪውን ግማሽ ለማድረስ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። የመኪናዋ የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ያልጠፋ 5 ዋት አምፖል ግን በቀን ወደ 10 አምፒር ሰዓት ይወስዳል። በየቦታው የሚገጠሙት አላርሞች፣ ጂፒኤሶች፣ ካሜራዎች ሽቦአቸው በትክክል ካልተያያዘ ከዚያ የባሰ ያደርጋሉ። ለመለየት መኪናዋ ጠፍታ ኔጌቲቩን ፍቱና ቴስተሩን በ10 አምፒር ቀዳዳው በኩል በሽቦውና በባትሪው መሃል አስገቡት። በሩ ተከፍቶ መሥራት ካለባችሁ የበሩን መቆለፊያ ምላስ በካቻቪቴ ዝጉት፤ መኪናዋ የተዘጋች ይመስላታል። ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፣ ሁሉም ይተኛል። ከዚያ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ነቅላችሁ መልሱ። ቁጥሩ ድንገት የወረደበት ፊውዝ ሌባው ያለበት መስመር ነው። ቴስተሩ እንደተያያዘ ግን ቁልፍ እንዳታዞሩ፣ ይቃጠላል።

ብርዱ ላይ ብዙ አልቆይም። ሱሉልታ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት እንዴት እንደሚቆረጥም የማያውቅ የለም። ብርድ የባትሪን አቅም ለጊዜው ይቀንሳል፣ ዘይቱንም ያወፍራል፤ ልክ ነው። ዕድሜውን የሚበላው ግን ሙቀት ነው። ከአዋሽ በታች የሚሠሩ ሾፌሮችን ጠይቁ። በዚያው ብርድ ውስጥ ያደረችው የጎረቤት መኪና ቀጥ ብላ ከተነሳች ብርዱ ያደረገው የደከመውን ባትሪ ማጋለጥ ብቻ ነው። ብርድ ልብስም ቢሆን ሙቀት ያቆያል እንጂ አይፈጥርም፤ የቆመ ባትሪ ደግሞ የሚያቆየው ሙቀት የለውም። ረስታችሁት ብታስነሱ ቺንጊያው ይጎትተዋል፣ ወይም የሞተሩ ጭስ የሚወጣበት ትኩስ ማኒፎልድ ላይ ይቃጠላል።

ኮካውን እቀበላለሁ። ተርሚናሉ ላይ የሚበቅለውን ያንን ነጭ አረንጓዴ ዱቄት ያስለቅቃል። ስኳሩ ግን አቧራችንን ሰብስቦ ይለጥፋል። ሙቅ ውሃ በቤኪንግ ሶዳ ይሻላል፤ አሲዱንም ያመክነዋል። ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ ብቻ ክዳኖቹን አጥብቁ፣ ዓይናችሁንም ጠብቁ። ካጸዳችሁ በኋላ በ10 ቁልፍ በደንብ እሰሩት። በእጅ ይዛችሁት የሚዞር ተርሚናል በራሱ ብቻ «ባትሪ ሞተ» የሚያስብል ነው፤ ኮዬን የመሰለ የሚነቀንቅ መንገድ ደግሞ ያላላዋል። ቁልፍ ስታዞሩ ቀጭ ቀጭ እያለ ካልተነሳ መጀመሪያ እዚህ እዩ።

ጽሑፉ ጭራሽ ያልነካው የኤሌክትሪክ መኪናዎችን ነው። ከ2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ በየኮንዶሚኒየሙ በዝተዋል። እነሱም ከትልቁ ባትሪ ሌላ ትንሽ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው። እሷ ከደከመች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነቃም። ዲናሞ የለም፤ የምትሞላው ከትልቁ ባትሪ ኃይል ቀንሶ በሚሰጥ መሣሪያ ነው። ስለዚህ የቺንጊያው፣ የካርቦኑ ወሬ እዚያ አይሠራም። የ12 ቮልቷን መለካት ትችላላችሁ። ከፍተኛ ቮልት የሚያልፍበትን ብርቱካናማ ሽቦ ካያችሁ ግን እጃችሁን ሰብስቡ።

ጋራዡን በተመለከተ ቅሬታቸው ከሜዳ አልመጣም። ሳይለካ «ባትሪህ ነው» የሚል አለ፤ ካርቦን መቀየር ሲበቃ ሙሉ ዲናሞ የሚያስገዛም አይጠፋም። ግን ጸሐፊውም ያለ መለኪያ «ባትሪውን ቀይሩ» ብለዋል እኮ። ከሳሽና ተከሳሽ አንድ ዓይነት ሥራ ነው የሠሩት። ቁጥሩን ይዛችሁ ሂዱ። «ቆማ 12.6፣ ተነስታ መብራት በርቶ 12.1» ብላችሁ የምትነግሩት ሰው ባትሪ ሊሸጥላችሁ አይችልም። ዲናሞ መፍታት ቤት የሚሞከር ስላልሆነ እሱ የባለሙያው ነው።

የመጨረሻው የአሮጌው ባትሪ ነገር ነው። አሲዱን መድፋት የተባለው ምናልባት ቁራሌው በኪሎ ስለሚገዛና መሸከሙ ስለሚከብድ ይሆናል። ያ አሲድ እርሳስ አለበት። የሚደፋበት ደግሞ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ፣ ጎመን የተተከለበት ጓሮ ወይም ቦይ ነው። አሲዱ እንዳለበት፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ አዲሱን ለምትገዙበት ባትሪ ቤት ስጡት፤ ብዙዎቹ ከዋጋው ላይ ይቀንሱላችኋል።